ኮርኒሳችን ላይ የወለደችው ራኩን

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ነው። ከኩሽናው ኮርኒስ በላይ የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማን። መጀመሪያ ከበድ ያለ እርምጃ፣ ቀጥሎ የሚጎተት ነገር፣ ከዚያ ጸጥ። ቶሮንቶ የኖረ ሰው ይኼን ድምፅ ለማወቅ ጣሪያ ላይ መውጣት አያስፈልገውም፤ ራኩን ነው፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል የመሰለ ምልክት ያለው፣ ድመት የሚበልጥ የሌሊት አውሬ። እናቴ ግን ከአገር ቤት ከመጣች ብዙም አልቆየችም ነበርና ማማሰያውን እንደያዘች ቀና ብላ «ከላይ ሰው ይኖራል እንዴ?» አለችኝ።

የምንኖረው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ከኛ በላይ ጣሪያ ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በዚህ ከተማ በየዓመቱ በብዙ ቤት ይሆናል። አውሬ ይገባል፣ አከራይ ይጠራል፣ ባለሙያ ይመጣል፣ ያስወጣል፣ በቃ። እኔም እንደዚያው አልፌው እረሳው ነበር። ግን መሀል ላይ እናቴ አንድ ነገር ጠየቀች። ጥያቄዋ እስካሁን አብሮኝ አለ፤ ገበታ ላይ ስቀመጥ ይመጣብኛል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

## ቀን የኛ፣ ሌሊት የነሱ

ቤታችን ከዳንፎርዝ ጎዳና ገባ ብሎ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት ከግሪንዉድ አካባቢ ብዙ ሳይርቅ ነው። የቆዩ የጡብ ቤቶች፣ ትልልቅ ዛፎች፣ ከኋላ ጠባብ መተላለፊያና የጋራዥ ረድፍ። ራኩን ከዚህ የተሻለ ሰፈር አያገኝም። በዛፉ ይወጣል፣ በጋራዦቹ ጣሪያ ላይ ይሄዳል፣ በየቤቱ ጀርባ ደግሞ ግሪን ቢን፣ የምግብ ትርፍራፊ የሚጣልበት የከተማው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ ይጠብቀዋል።

የሐበሻ ግሪን ቢን ውስጥ ምን እንዳለ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሁዳዴ የተረፈ ሽሮ፣ የጎመን ግንድ፣ የሻገተ እንጀራ ነው። ፋሲካ ሲደርስ የዶሮና የበግ አጥንት ይሞላዋል፤ ሽታው ሌሊቱን ሙሉ ጓሮውን ይዞት ያድራል። ራኩን ደግሞ ፍራፍሬም፣ ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ነፍሳትም የሚበላ እንስሳ ነው። የሚንቀው ነገር የለም።

የከተማው አስተዳደር ከነሱ ጋር ሲታገል ቆይቷል። በ2016 መቀርቀሪያ ያላቸውን አዳዲስ ግሪን ቢኖች በየቤቱ ማደል ሲጀምር የውሉ ዋጋ 31 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነበር። አሠራሩ ብልሃት አለው፤ እጀታው ካልተጠመዘዘ ክዳኑ አይከፈትም፣ የቆሻሻ መኪናው አንስቶ ሲገለብጠው ግን መቀርቀሪያው ራሱ ይለቃል። አብዛኞቹን ራኩኖች አቆማቸው። ጥቂቶቹ ግን ቢኑን ገፍተው መሬት ላይ ይጥሉታል፣ ከዚያ እጀታውን ሲታገሉት ቆይተው ጠምዝዘው ይከፍቱታል።

ችሎታቸው ዛሬ የተገኘ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኤች. ቢ. ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ራኩኖችን በ13 ዓይነት መቀርቀሪያ ፈትኗቸው ነበር። 11ዱን ከአሥር ባነሰ ሙከራ ከፈቱ። መቀርቀሪያዎቹን ቦታ ቢያቀያይርባቸው፣ ቢገለብጥባቸውም አልተቸገሩም። ምስጢሩ ከእጃቸው ይጀምራል። አምስት ጣት አላቸው፤ እንደኛ አውራ ጣት ባይኖራቸውም በመዳሰስ ብቻ የነገሩን ቅርጽ ይለያሉ። ምግባቸውን ውሃ ውስጥ ሲያሹ አይታችሁ ከሆነ እያጠቡ አይደለም፤ የእጃቸው ቆዳ ሲርስ የመዳሰስ ስሜቱ ይጨምራል። ውሃ ውስጥ እያሹ የያዙትን ነገር እያወቁት ነው።

የዚሁ ከተማ የዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ሱዛን ማክዶናልድ የከተማና የገጠር ራኩኖችን አወዳድራለች። አስቸጋሪ ክዳን ሲገጥማቸው የከተማዎቹ የበለጠ ይደፍራሉ፣ የበለጠም ይታገላሉ። እንግዲህ ያስተማርናቸው እኛ ነን ማለት ነው። መቀርቀሪያ በቀየርን ቁጥር አዲስ ትምህርት እየሰጠናቸው ነው። ይኼን ሳስብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያንኑ ብልህነት ልጃችን ላይ ብናየው ለዘመድ ሁሉ እንደውል ነበር። ራኩን ላይ ስናየው ግን እንደ በደል እንቆጥረዋለን።

ሌላም ያገኘችው ነገር አለ። አንገታቸው ላይ ጂፒኤስ አስራ ስትከታተላቸው ትልልቅ ጎዳናዎችን መሻገር የሚሸሹ፣ ከጥቂት ብሎኮች የማይወጡ ሆነው ተገኙ። እኔ ሌሊት ሌሊት ከሩቅ ጫካ የሚመጡ ይመስለኝ ነበር። ጓሮአችን የምትመጣው ራኩን ግን የሰፈራችን ልጅ ናት፤ እናቷም ምናልባት እዚሁ መንገድ ላይ ነው የወለደቻት።

ከተማው ራሱ ስለነሱ ያለው ስሜት አንድ ወጥ አይደለም። በጁላይ 2015 ዮንግ ጎዳና ዳር አንድ ራኩን ሞቶ ተገኘ። ቢደወልም እስከ ማታ የሚያነሳው ጠፋ። መንገደኛው አበባ አኖረለት፣ ሻማ አበራለት፣ ኮንራድ ብሎም ስም አወጣለት። የቢኑን ክዳን ገመድ የሚያስረውና ሻማ የሚያበራው ያው አንድ ሕዝብ ነው። ብዙ ሰው ይኼን እንደ ቀልድ ያወራዋል። እኔ ግን ያ ሻማ የእውነት ይመስለኛል። ለዓመታት አብሮህ የኖረ ፍጡር ሲሞት ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል፣ ቢያስመርርህም።

## «ልጆቹስ?»

ወደ ኮርኒሱ ልመለስ።

አከራያችን ሰው ፈልጎ ላከ። ሰውየው መጣ፣ ከውጭ ዞር ዞር ብሎ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ያለውን ቀዳዳ አየ፣ ዋጋውን ነገረኝ። ርካሽ ነው፣ በካሽ። የሽቦ ወጥመድ ያኖራል፣ ስትገባ ይዘጋባታል፣ ከከተማው አውጥቶ ወደ ሰሜን ይወስዳታል። «ሁለተኛ አታዩዋትም» አለኝ። ለአከራያችን ደወልኩለት፤ ደስ አለው። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

እናቴ ዕቃ እያጠበች ነበር። እንግሊዝኛ ባትችልም የሰውን ፊት ታነባለች። «ምን ተባባላችሁ?» አለችኝ፤ ነገርኳት። «ልጆቹስ?» አለች።

«የምን ልጆች?»

«ሌሊት አትሰማም? ቀጭን ድምፅ አለ እኮ። ወልዳለች።»

ጠየቅኩት። ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ሥራው ነው፣ ቸኩሏል። «ካሉም» አለኝ «ከጥቂት ቀን በኋላ ዝም ይላሉ።»

ይኼንንም ለእናቴ ነገርኳት። ቧንቧውን ዘጋች። እጇን በቀሚሷ አበሰችና ወደ ኮርኒሱ አየች፣ ከዚያ ወደ ገበታው።

«ታዲያ እነሱ ዝም እስኪሉ እኛ ከሥራቸው ቁጭ ብለን እንበላለን?»

ጥያቄው ይኼ ነው። መልስ አልነበረኝም፣ ሰውየውም አልነበረውም፤ ምን እንዳለች ሳስረዳው መሰላሉን እያጠፈ ነበር። ለዛሬ ይቅር፣ እደውልልሃለሁ ብዬ ሸኘሁት።

እናቴን የማያውቅ ሰው ለእንስሳ ሆዷ የሚባባ ሴት ትመስለው ይሆናል። አይደለችም። ያደገችው ሰሜን ሸዋ፣ ማሽላ በሚዘራበት ቆላ ነው። ልጅ ሆና ማማ ላይ ተቀምጣ ከጦጣና ከዝንጀሮ እህል ስትጠብቅ ነው የዋለችው። ራኩኗን የአጥር ጫፍ ላይ ያየቻት ጊዜ ወዲያው ስለ ጦጣ ነው ያወራችኝ። ጦጣ ማማው ላይ ማን እንዳለ ታያለች። ልጅ ከሆነ ትገባለች፤ አባታቸው ከመጣ ግን ከሩቁ ትሸሻለች። ጠባቂው ምሳ ሊበላ ዞር ሲል ታውቃለች። «በወንጭፍ የመታኋት አለች» አለችኝ፤ «አላዘንኩም። ያ እህል የዓመት ቀለባችን ነበር።»

ስለዚህ ጥያቄዋን ከርኅራኄ ብቻ ልተረጉመው አልችልም። ደጋግሜ ሳስበው የገባኝ እንዲህ ነው። ማሳ ላይ ጦጣዋና እሷ ፊት ለፊት ነበሩ። አንዷ ትሰርቃለች፣ አንዷ ትወረውራለች፣ ሁለቱም የሚያደርጉትን ያውቃሉ። እዚህ ግን ነገሩ ከዓይናችን ተሰውሮ ሊጨርስ ነው። እኛ ገንዘቡን እንከፍላለን፣ ሰውየው እናቲቱን ይወስዳል፣ ከዚያ የሚቀረውን ሥራ ረሃብ ይሠራዋል። እኛ ደግሞ ድምፁ እስኪያልቅ እንጠብቃለን። እሷ ያልቻለችው መጠበቁን ነው። ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ እንጀራ ቆርሶ፣ መጠበቁን።

በነሱ ቤት ድመት ጎተራ ሥር ከወለደች ልጆቿ ዓይናቸውን እስኪገልጡ ማንም አይነካትም ነበር አለችኝ። ከዚያ በኋላ ግን ትባረራለች። ያለ ብዙ ወሬ።

## አንድ ኪሎ ሜትር

ያን ዕለት ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሕግ የተያዘ ራኩን ከተያዘበት ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ መለቀቅ የለበትም። የሰውየው «ወደ ሰሜን እወስዳታለሁ» የሚለው ነገር ከመጀመሪያው ሕገ ወጥ ነበር ማለት ነው። ምክንያቱም አለው። ከጥቂት ብሎክ ወጥታ የማታውቅ እንስሳ ባዕድ ጫካ ውስጥ ስትጣል የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚታደር አታውቅም፤ ቦታውንም የያዙ ሌሎች አሉ። በሽታም አለ። በ2015 መጨረሻ ሐሚልተን አካባቢ በራኩኖች ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ተገኘ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ክትባት የያዘ ማባበያ ምግብ በአውሮፕላን ሳይቀር ሲበትን ነው ሥርጭቱን የታገለው። ሰው እንስሳውን በመኪና ጭኖ ከቦታ ቦታ ካዞረው ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ይሆናል።

እናቴ ሳነብ ቆይታ ስታየኝ ትዕግሥቷ አለቀ። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። አንተ ታነባለህ፣ እነሱ ከላይ ናቸው። ይልቅ ደውል።»

ደወልኩ። ሁለተኛዋ ባለሙያ የዱር እንስሳት ሥራ ብቻ የምትሠራ ወጣት ሴት ናት። ዋጋዋ ከፍ ይላል፤ አከራያችንም ሕጉን ሳነብለት ጊዜ ተስማማ። በራስ ላይ መብራት አድርጋ በመተላለፊያው ኮርኒስ በኩል ወጣችና ስልኳ ላይ ያነሳችውን አሳየችን። አራት ናቸው። ከጣሪያው የሙቀት መከላከያ ጥጥ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ቦታ ተሠርቶላቸው ተደራርበው ተኝተዋል። ዓይናቸው ገና እየተገለጠ ነው። እናቴ መነጽሯን አምጥታ ደግማ አየች።

አሠራሩን ላስረዳችሁ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ቀዳዳው ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት በር ይገጠማል፤ እናቲቱ ትወጣለች፣ ተመልሳ አትገባም። በር ብቻ ገጥሞ መሄድ ግን ከወጥመዱ አይሻልም፤ ልጆቹ ውስጥ ይቀራሉ፣ እናት ደግሞ ልጇን ለማግኘት ጣሪያውን ታፈርሰዋለች። ስለዚህ ባለሙያዋ ልጆቹን በጓንት አንድ በአንድ አውጥታ የሚሞቅ ሳጥን ውስጥ አደረገቻቸው፣ ሳጥኑንም ጣሪያው ላይ፣ ከበሩ አጠገብ አሰረችው። የቀረው የእናትየዋ ሥራ ነው። ራኩን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መጠለያ አታጣም፤ የዛፍ ጉድጓድ፣ የጋራዥ ጣሪያ፣ የሆነ ነገር ይኖራታል። ልጆቿን ወደዚያ ታዛውራለች።

ማታ ጋቢ ደርበን ጓሮ ወጣን። እናቴ ካላየሁ አልተኛም ብላለች። ራኩኗ ቆይታ ቆይታ ወጣች። መጀመሪያ ለሳጥኑ ግድ የሰጣት አልመሰለኝም፤ ወደ በሩ ተመልሳ በእጇ ዳሰሰችው፣ ጎተተችው፣ በጎን በኩል ሞከረች፣ ዙሪያውን በጣቷ ሄደችበት። ስለ 13ቱ መቀርቀሪያዎች ሳነብ የገረመኝን ችሎታ እዚያ ጣሪያ ላይ በዓይኔ አየሁት። ግን ስታስቆጣኝ የኖረችው እጅ ያን ሌሊት አላስቆጣችኝም። ልጆቿን ነበር የምትፈልገው።

ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። ዞረች። ክዳኑን በአፍንጫዋ ገፋችና ገብታ አንዱን በማጅራቱ ይዛ ወጣች። በግንዱ ላይ ጭንቅላቷን ወደ ታች አድርጋ ወረደች፤ የኋላ እግሮቻቸው ወደ ኋላ ስለሚዞሩ እንደዚያ መውረድ ይችላሉ። በአጥሩ ላይ ሄዳ ከጎረቤት ጋራዥ ጀርባ ጠፋች። ተመለሰች። ሁለተኛውን ወሰደች። መሀል ላይ መኪና መጥቶ መብራቱ ግቢውን ሲያጥለቀልቀው አጥሩ ላይ ደርቃ ቀረች፣ ልጇን በአፏ እንደያዘች። መኪናው እስኪያልፍ አልተነቃነቀችም። እናቴ በለሆሳስ ትቆጥራለች። «ሦስት... አንድ ይቀራታል።» አራተኛውን ልትወስድ ስትመለስ በጣም ቆየች፤ እኔ የረሳችው መስሎኝ ነበር። እናቴ «አትረሳም» አለችና ጋቢዋን ጠበቅ አደረገች። መጣች።

## ቀዳዳው የት ይሁን?

ከዚያ በኋላ ስለ ሐረር ብዙ አሰብኩ። ሐረር የሄደ ሰው ያውቀዋል። የጀጎል ግንብ ዝቅ ብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጅብ ሌሊት በነሱ ይገባና የየመንገዱን ጥራጊ ሲለቅም ያድራል። ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ሥጋ የሚያበሏቸው ሰዎች አሉ። በዓሹራ ዕለት ደግሞ ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ አበላላቸው ታይቶ የመጪው ዓመት ዕጣ ይገመታል። ጅብ ሰው መብላት የሚችል አውሬ ነው። ሐረሮች ይኼን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ቶሮንቶ ሐረር ትሁን ማለቴ አይደለም። እዚህ ከአፕሪል 2023 ጀምሮ ለዱር እንስሳ ምግብ መስጠት በከተማው ደንብ ተከልክሏል፣ እኔም ትክክል ነው እላለሁ። ምግብ የተቀመጠላቸው ራኩኖች አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ በሽታ ይለዋወጣሉ፣ ሰው መፍራት ይተዋሉ፤ ኋላ የሚገደሉትም ያኔ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ለነፍሴ ብለው ዳቦ የሚያስቀምጡ አንድ እናት ነበሩ። እማማ፣ ይኼ ዳቦ ይጎዳቸዋል ብዬ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ተቀየሙኝ፤ አሁን ለወፎችም አያስቀምጡም።

ከሐረር የምወስደው አንድ ነገር ግን አለ። እዚያ ቀዳዳው የት እንደሚሆን የወሰነው ሰው ነው። እዚህ ግን ማንም ሳይወስን ቀዳዳው በየጣሪያው ይከፈታል። የበሰበሰ ጣውላ፣ ክዳን የሌለው ጭስ መውጫ፣ የተቀደደ የአየር መውጫ ወንፊት። ከዚያ እንስሳው ሲገባ «ወረሩን» እንላለን። ስለ ወረራ የምናወራውን ያህል ስለ ጣውላው አናወራም፤ ይኼ ያናድደኛል። ብዙዎቻችን ተከራይ ነን፣ ጣሪያው የኛ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ለአከራይ መናገር ይቻላል፣ በጽሑፍም መላክ ይቻላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ደግሞ ጊዜው የፋሲካ ሰሞን አይደለም፤ ጥቅምትና ኅዳር ነው፣ እናቶቹ መውለጃ ሳይፈልጉ በፊት። የኛ ቀዳዳ አሁን በወፍራም ሽቦ ወንፊት ተዘግቷል፣ ጭስ መውጫውም ክዳን አለው።

ስለ ዓይነ ምድራቸው ሳልናገር አላልፍም፣ ሕፃናት ያሉበት ቤት ስለሚያነብ። ራኩን አንድ ቦታ እየተመላለሰ ነው የሚጸዳዳው፤ በረንዳ ላይ፣ ጣሪያ ላይ፣ አንዳንዴም ልጆች የሚጫወቱበት አሸዋ ላይ። ውስጡ ለሰው አደገኛ የሆነ የወስፋት እንቁላል ሊኖር ይችላል። እንቁላሉ ለመጉዳት የሚደርሰው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በጊዜ ማንሳት ነው፤ ጓንትና ማስክ አድርጎ፣ ከዚያ ቦታውን በፈላ ውሃ። አብሮ መኖር ይኼንንም ይጨምራል። የምወዳቸው ከሆነ አደጋቸውንም ማወቅ አለብኝ።

ራኩኗ አሁንም ትመጣለች፤ እሷው ትሁን ልጇ መለየት አልችልም። ግሪን ቢኑን በላስቲክ ገመድ አስሬ ከጋራዡ ግድግዳ ጋር አጥብቄዋለሁ፣ አጥንት ደግሞ እስከ መውጫው ቀን ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። አንዳንድ ሌሊት ክዳኑን ስትሞክረው እሰማለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስካርቦሮ የምትኖር የማኅበራችን ልጅ ደወለችልኝ። ከመኝታ ክፍሏ በላይ ድምፅ አለ፣ አከራይዋ ወጥመድ የሚያኖር ሰው አግኝቷል፣ ነገ ይመጣል። ቀጭን ድምፅ ትሰሚያለሽ ወይ አልኳት። ስልኩን ወደ ኮርኒሱ አቀናችውና ሁለታችንም ዝም ብለን አዳመጥን። አለ። የባለሙያዋን ቁጥር ላክሁላት፣ የአንድ ኪሎ ሜትሩን ሕግም ለአከራይዋ እንድታነብለት ጻፍኩላት። ማታ መልሳ ደወለች። ሰውየው ቀርቷል፤ ባለሙያዋ ሐሙስ ትመጣለች።